የፀዳለ ረድፍ

ውብአየሁ ነቀዙን ለዶሮዎቹ አልሰጠቻቸውም። ካሱ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ላይ በክርኑ ተደግፎ ያየው ይህንኑ ነው። ለሌላ ሰው ቢያወሩት «ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ግን አርባ ምንጭ ውስጥ በቆሎ የነፋች ሴት ሁሉ ከወንፊቱ ስር የወረደውን ነቀዝ ደጅ ወስዳ ትደፋዋለች፤ ዶሮዎቹም የወንፊት ድምፅ ገና ሲሰሙ እየተጋፉ ደጃፍ ላይ ይኮለኮላሉ። ዛሬም ተኮልኩለዋል። እህቱ ግን ዱካዋ ላይ እንደተቀመጠች ወንፊቱን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና፣ ሰፌዱ ላይ የወረደውን የሚርመሰመስ ጥቁር ነገር ከነስባሪው ወደ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ገለበጠችው። ከዚያ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደች እራፊ አፉ ላይ ጣል አድርጋ ዙሪያውን በክር አሰረችው። ጣሳው ክዳን ነበረው እኮ! ክዳኑ እዚያው መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። በጨርቅ የምታስረው እንግዲህ ውስጡ ያለው እንዲተነፍስላት ፈልጋ ነው።

«ምንድን ነው እሱ እትዬ?» አላት።

«ለዶሮዎቹ ነዋ» አለች ሳትዞር።

ዶሮዎቹ እግሯ ስር ቆመው ነበር። ካሱ ሌላ አልጠየቃትም። ሁለቱ እንዲህ ናቸው። እናታቸው ጨንቻ ላይ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ለሱ ስትል ሳታገባ፣ ሳትወልድ እናት የሆነች ሴት ናት፤ እሱም በበኩሉ ውለታዋን የሚመልሰው ዝም በማለት ይመስል ከአፉ ቃል አይወጣም። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት። በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላ ወዲህ እሷ ወዲያ እሱ ይተኛሉ፤ የጭቃው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የወደቀው መንግሥት ጋዜጣ ገና አልተነሣም፤ ቆርቆሮው ከጧቱ ጀምሮ ይንጫጫል። በልጉ በከዳበት በዚያ በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሲቀላ ሰፈር ገበያ ላይ የአንድ ጣሳ በቆሎ ዋጋ ባለፈው ጥር ከነበረው በእጥፍ ወጥቶ ነበር። ያም ነጩ የአገር በቆሎ ነው፤ ያም ግማሹን ነቀዝ የጨረሰው። ነጋዴው ከሊል ሲሰፍርላት «ሥጋውን መርቄልሻለሁ ውቤ» እያለ ይቀልድባታል። እሷም ትስቅለታለች፤ ምን ታድርግ?

ቁርስ ከትናንት የተረፈ ኩርኩፋ ነበር፤ የበቆሎ ሊጡ ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር ተቀቅሎ ሲያድር ጠንከር ይላል። ውብአየሁ አልበላችም። ዛሬ ተራዋ አይደለም። እሷ የምትሠራበትን የእርዳታ እህል መጋዘን የሚጠርጉት ሴቶች በየተራ ነው የሚገቡት፤ ተራዋ ባልሆነ ቀን ልብስ ታጥባለች። በሩ ላይ ቆማ ከአጥሩ በላይ ወደ ጎረቤት ስታይ ቆየች።

«የነፀዳለ ቤት ዛሬም ጭስ የለም» አለች።

ፀዳለ የአጥር ጎረቤታቸው ናት፤ መጋዘን ጠራጊም ናት፣ የውብአየሁ የልብ ወዳጅም ናት። ባሏ ኤርጫፎ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ ወባ ጣፊያውን አሳብጦት ከተኛ ሰነበተ። ሦስት ልጆች አሏት። አጥሩ የሸምበቆ ስለሆነ እዚህ ቤት ያስነጠሰ እዚያ ቤት «ይማርህ» ይባላል፤ እነሱ ቤት ማን በልቶ እንዳደረና ማን ጦሙን እንዳደረ እዚህ ይሰማል። ባለፈው ሰሞን ውብአየሁ አንድ ሳህን ዱቄት በነጠላ ሸፍና ልካላት ነበር። ሳህኑ ወዲያው ተመለሰ፤ ዱቄቱ እንደሞላ፣ ነጠላው ከነአጣጣፉ። «እግዜር ይስጥልኝ በያት፣ እኛ ጠግበናል» ብላ ነው በልጇ የመለሰችው። በዚያ ቀን ውብአየሁ አልቅሳለች። ካሱ አይቷት ነበር።

ዛሬ ማክሰኞ፣ ካሱ መጋዘኑ ውስጥ ያኖራቸውን የነቀዝ ወጥመዶች የሚያይበት ቀን ነው። ካሱ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ፀሐይዋ ገና ከመውጣቷ ታቃጥላለች፤ አውቶቡስ ተራው ጋ ወደ ጨንቻ የሚወጡ አይሱዙዎች ሰው እየተጣሩ ነው፤ ከጫሞ ዓሣ የጫነች ፒክአፕ ውሃዋን አስፋልቱ ላይ እያንጠባጠበች አለፈች። መጋዘኑ አጥር ጥግ ከደጋ የወረዱት ሰዎች እንደ ልማዳቸው ተደርድረዋል፤ ወፍራም ጋቢያቸውን በዚያ ሙቀት ተከናንበው፣ ባዶ ጆንያቸውን አጣጥፈው ቂጣቸው ስር አድርገው ይጠብቃሉ። እደላው መቼ እንደሆነ የሚነግራቸው የለም። ካሱ በነሱ በኩል ባለፈ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርግ ነበር። ነቀዝ የሚበላው የነዚህን ሰዎች እህል ነው፤ እሱ ደግሞ ነቀዝ ይጠብቃል። ሥራዬ ብሎ የሚኮራበት ነገር ነበረው።

ደግሞም ያኮራል። አዋሳ ሄዶ ተምሮ የመጣው የተባይ ክትትል የሚባል ሥራ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው የፕላስቲክ ቱቦዎች በየጆንያው ይሰካል፤ ነቀዙ በቀዳዳው ገብቶ ይወድቅና መውጣት ያቅተዋል፤ በሳምንቱ ቱቦውን መዝዞ የወደቀውን ይቆጥራል። ቁጥሩን መጻፍማ ማንም ይጽፋል። ካሱ ግን ትልቅ ካርቶን ላይ መጋዘኑን እንዳለ ሥሎ፣ በሩን፣ ግድግዳውን፣ እያንዳንዱን ክምር አስቀምጦ፣ ነቀዝ በበዛበት ቦታ ቀይ፣ ባነሰበት ሰማያዊ ነጥብ ያኖራል፤ ከዚያ ነጥቦቹን በመስመር ሲከባቸው ነቀዙ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዚያች ካርታ በበሩ ስር ያለችውን ስንጥቅ አገኘ፣ ጣሪያው የሚያፈስበትን አገኘ፣ አሮጌ ጆንያ የሚከመርበትን ጥግ አገኘ። ሁሉም ተደፈነ፣ ተጠገነ፣ ተቃጠለ። ነቀዝ ከመጋዘኑ ጠፋ ማለት ይቻላል። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ሰይፈሥላሴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ካርታዋን ሳያሳዩ ሻይ አይጋብዙም ነበር።

ጠራጊዎቹ ግን ካርታዋን አይወዷትም። «የካሱ ሥዕል» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ምንም አይሉትም፤ ምን ይበሉት? ነገሩ ግን እንዲህ ነው። እያንዳንዷ ሴት የራሷ ረድፍ አላት። በረድፏ ነቀዝ የበላው ጆንያ ሲገኝ ደጅ አውጥታ የምትነፋው እሷ ናት፤ ደኅናው እህል ወደ ጆንያው ይመለሳል፣ ከወንፊት ስር የወረደው ስባሪና ዱቄት ደግሞ ለነፊዋ ነው። ማንም የጻፈው ሕግ የለም፤ መጋዘኑ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ነው። «የወንፊት» ይሉታል። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለጨው ነው፤ ልጅ የሚያድገው በወንፊቱ ነው። ነቀዝ ሲጠፋ የወንፊቱም ጠፋ። ካሱ ይህን አያውቅም አይባልም፤ ነቀዝ ይብዛ የሚል ሰው ግን የት አለ?

«እንደምን አደርክ ካሱዬ? ውቤ ደኅና አደረች?» አለችው ፀዳለ፣ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ። ፊቷ ገርጥቷል። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ግን ትስቃለች። ፀዳለ ሁልጊዜ ትስቃለች።

«ደኅና ናት። ኤርጫፎስ?»

«ተመስገን ነው። ዛሬ ቀና ብሎ ተቀምጧል።»

ካሱ ወጥመዶቹን ከዳር ጀምሮ መምዘዝ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ንጹሕ ናቸው፤ የእህቱም ረድፍ ንጹሕ ነው። የፀዳለ ረድፍ ላይ ደረሰ። ባለፈው ሳምንት እዚህ ረድፍ መሐል ላይ፣ በሰው ደረት ቁመት ካሉት ጆንያዎች ውስጥ፣ በሕይወት ያሉ ነቀዞች አግኝቶ ነበር። ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። ነቀዝ ከበር ይገባል፣ ከወለል ይወጣል፣ ከግድግዳ ይመጣል፤ ከሰማይ ወርዶ ረድፍ መሐል አይቀመጥም። ከነቀዙ ጋር ደግሞ ነጭ የበቆሎ ስባሪ ነበረ። የእርዳታው በቆሎ በመርከብ የመጣ ነው፤ ከመጀመሪያው ጆንያ እስከ መጨረሻው ቢጫ ነው። ነጩ የአገር በቆሎ ነው፤ የሰው ቤት በቆሎ። ካሱ ያን ቀን እንደ እንቆቅልሽ ፈትቶት፣ ደስ ብሎት፣ ሪፖርቱ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ነቀዙ ከመኪናም ከሕንፃውም የመጣ ሳይሆን በሰው እጅ ከውጭ የገባ ነው።» ፈረመበት። የማን እጅ ይሆን ብሎ ለአፍታ አላሰበም፤ ሐሳቡ ሁሉ ማግኘቱ ላይ ነበር።

አሁን ቱቦውን መዳፉ ላይ ገለበጠው። ነቀዙ በዝቷል። ከመሐሉ አንዲት ነጭ ስባሪ ወጣች፤ የጥፍር ጫፍ ታህላለች። ካሱ የጧቱን አስታወሰ። ሰፌዱ ታየው፣ የወተት ጣሳው ታየው፣ በክር የታሰረችው እራፊ ታየችው። እህቱ ተራዋ በሆነ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከነጠላዋ ስር የሆነ ነገር ደብቃ በዚህ ረድፍ ስታልፍ ታየችው። ነጯን ስባሪ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታት።

«ምነው ካሱዬ? ምን አገኘህ?» አለች ፀዳለ ከኋላው።

«ምንም» አላት።

ቢሮ ውስጥ አቶ ሰይፈሥላሴ ብቻቸውን አልነበሩም። ከአዋሳ የመጡ እንግዳ አጠገባቸው ተቀምጠዋል፤ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው በማስታወቂያ ወረቀት ያራግባሉ። ካርታዋ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች። አጠገቧ የካሱ የባለፈው ሳምንት ሪፖርት አለ። ሰውየው ሪፖርቱ ደርሷቸው ነው የመጡት፤ ደጋው በረሃብ እያለቀ መጋዘን ውስጥ በሰው እጅ ነቀዝ ገባ የሚል ወሬ ቀላል ወሬ አይደለም።

«ይሄ ክብ ክቡ የማን ረድፍ ነው?» አሉ እንግዳው፣ ጣታቸውን ቀዩ ላይ አሳርፈው።

«የፀዳለ» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ፣ ካሱ አፉን ሳይከፍት። «ነገሩ የሚያሻማ አይደለም። ነቀዝ ሲገኝ የወንፊቱ ለረድፉ ጠራጊ ነው። የወንፊቱ ሲጠፋባት ከቤቷ አምጥታ ጨመረች። በቃ።»

«ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም?»

«ምን ብሎ? ጌታው፣ ሰው ለሌላ ሰው ጥቅም ብሎ ነቀዝ ተሸክሞ ሲመጣ አይተው ያውቃሉ?»

እንግዳው ሳቁ።

«ጌቶቼ፣ ከመኪናው ጋር የገባም ሊሆን ይችላል» አለ ካሱ። «ሾፌሮቹ አንዳንዴ የራሳቸውን በቆሎ ይጭናሉ። ነጩ ከዚያ ተደባልቆ ሊሆን…»

«ምነው ካሱ!» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ፣ ከልባቸው ተገርመው። ሪፖርቱን አነሡና «ከመኪናም ከሕንፃውም የመጣ ሳይሆን» የሚለውን ጮክ ብለው አነበቡለት። «ይሄ የማን ፊርማ ነው? ጎረቤትህ መሆኗን አውቃለሁ። ልብህ ለመራራቱ አልፈርድብህም። ሥራህን ግን እንዲህ ራስህ አታበላሸው።»

ተልኮባት ከበሩ ውጪ ስትጠብቅ የነበረችው ፀዳለ ግቢ ተባለች። በሩ ላይ እግሯን ጠራርጋ ገባችና እጇን አጣምራ ቆመች። አቶ ሰይፈሥላሴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ሲሉ ዓይኖቻቸው እሷን ሳይሆን ካርታውን ያዩ ነበር። በረድፍሽ ነቀዝ ተገኝቷል፣ ከሰው ቤት የመጣ ነው፣ ከአንቺ በቀር የሚጠቀም የለም አሏት። መጀመሪያ የገባት አልመሰለም። ከዚያ አንዴ አቶ ሰይፈሥላሴን፣ አንዴ እንግዳውን አየችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እኔ? ከየት አምጥቼ ጌታዬ?»

«ከቤትሽ።»

«ከቤቴ?» አለች። ፈገግ ልትል ቃጣት፤ ያ ልማዷ ነው። «ነቀዝ የሚገባበት እህል ቤቴ ቢኖር እኔ ምን ጎድሎብኝ ነበር?»

እንግዳው ማራገባቸውን አቆሙ። ካሱ ይህች ሴት እውነቷን እንደሆነ ያውቃል፤ ቤቷ ጭስ እንኳን የለም፤ ነጭ በቆሎ ከየት ታመጣለች? ይህን ማለት ይችል ነበር። ግን ይህን ካለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ታዲያ የማን ቤት ነው? እንግዳው ቀድመው ተናግረዋል፦ የእርዳታ እህል ማበላሸት የፖሊስ ጉዳይ ነው፤ ለዚች ሴት ግን ልጆቿ ታስበውላት በስንብት ይለቋታል። ለሌላ ሰው ማን ልጅ ያስብለታል? ውብአየሁ ልጅ የላትም። ያላት እሱ ነው።

«ካሱ፣ ሌላ የምትለው አለህ?» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ።

ነጯ ስባሪ ኪሱ ውስጥ ናት።

«የለኝም» አለ።

ፀዳለ አልጮኸችም፣ አልለመነችም። ወደ ረድፏ ተመልሳ ጀምራ የተወችውን ጠርጋ ጨረሰች፤ ማንም ጨርሺ አላላትም። መጥረጊያዋን ከሌሎቹ ጎን ሰቀለች። ሴቶቹ ሁሉ በየረድፋቸው አቀርቅረው ነበር፤ አበራሽ ብቻ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስቅስቅ አለች። በሩ ላይ ዘበኛው ዳልጮ እንደ ደንቡ ነጠላዋን አራግፎ መፈተሽ ነበረበት፤ አራገፈው፤ ምንም የለም። «ይቅር በይኝ እንግዲህ እህቴ» አላት፣ ነጠላዋን መልሶ ራሱ ትከሻዋ ላይ እያደረገ። ካሱ ተከትሏት እስከ በሩ ወጥቶ ነበር። ለምን እንደተከተላት እሱም አያውቅም። የደጋዎቹ ሰዎች ከአጥሩ ጥግ ዝም ብለው ያዩአቸዋል።

«እግዜር ያክብርህ ልጄ» አለችው ዞር ብላ። «ከበሩ ውጪ ሆኜ ሰምቻለሁ። መኪናው ነው ብለህልኛል። አንተስ ሞክረህልኛል።»

«እትዬ ፀዳለ…»

«አደራህን፣ ለውቤ አትንገራት። እሷን አውቃታለሁ፤ ከኔ ይልቅ እሷ ናት የምትጎዳው። ቀስ ብዬ ራሴ እነግራታለሁ።»

ካሱ ቀኑን እንዴት እንደጨረሰው አያውቅም። ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤት አልሄደም፤ የኩልፎ ወንዝ ድልድይ አጥር ላይ ክንዱን አስደግፎ ቆመ። ድልድዩ ስር ሰዎች ገላቸውን ይታጠባሉ፤ ጋሪ ነጂ ፈረሱን ያጠጣል። ጧት የመጣበት ድንጋጤ አሁን ንዴት ሆኗል። እህቱን ተናደደባት፣ እንዲህ ተናዶባት አያውቅም። ምን ጎደለባት? እኔ ደሞዜን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም አላስረክባትም? ለአንድ ሰፌድ ስባሪ ብላ፣ ያም በሰው ረድፍ! በራሷ ረድፍ ብታደርግ እኔ ሪፖርት ማድረጌ እንደማይቀር ታውቃለች፤ ስለዚህ የወዳጇ ላይ አደረገችው፤ ፀዳለ ወንፊቱን ታካፍለኛለች ብላ ይሆናል። ወይም ካርታዬን ጠልታት ይሆናል። ሁሉም ይጠሏታል፤ እሷስ ለምን አትጠላት? ቤት ገብቶ የሚላትን አሰናዳ። ፊቷ ቆሞ፣ ነጯን ስባሪ ፊቷ ላይ ወርውሮ፣ «የሰው እንጀራ ዘጋሽ፣ እኔንም ዋሾ አደረግሽኝ» ሊላት ወሰነ። ደጋግሞ አለው። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘነብል ጉዞውን ቀጠለ።

ውብአየሁ ደስ ብሏት ነበር። ልብሱን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ አልጋው ላይ አኑራለታለች። ትኩስ ኩርኩፋ ድስት ውስጥ እየተንተከተከ ነው፤ ዘይትም ጠብ አድርጋበታለች፤ በአዘቦት ቀን ዘይት! ከገባ ጀምሮ ፊቱን ሰረቅ እያደረገች ታየዋለች፤ የሆነ ነገር ልትጠይቀው ፈልጋ የምትቁነጠነጥ ልጃገረድ ትመስላለች። ስለ ሥራው ጠይቃው የማታውቀው ሴት «ዛሬ ወጥመድህ ምን ያዘ?» አለችው።

ካሱ ከኪሱ ነጯን ስባሪ አውጥቶ ዱካው ላይ አስቀመጠላት።

አየቻት። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። «ወይኔ! አወቅህብኝ!»

«እትዬ!» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ለምን? የወንፊት ፈልገሽ? እኛ ምን ጎድሎብን?»

«ለኛ ነው እንዴ የመሰለህ?» ሳቋን አቆመች። «የኔ ረድፍ ላይ አገኘህ?»

«አይ።»

«ታዲያ! አንተ ደግሞ፣ ምን ነካህ?» አጠገቡ ቁጭ አለች፤ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች፣ አጥሩ ጆሮ አለውና። «ያችን ሴት እንዴት አድርጌ ላብላት? አንተ ንገረኝ። ዱቄት ብልክ መለሰችው። ልጆቹን ጠርቼ ላጉርሳቸው ብል ‹ቤታችን በልተናል በሉ› ብላ አስጠንታቸዋለች። ትንሿ ልጅ ዓይኗን ድስቱ ላይ ተክላ ‹በልተናል› ስትለኝ… ተወው። የወንፊት ሲሆን ግን የላቧ ነው። የረድፏ ነው። ማንንም ቀና ብላ አታይም። ደግሞ ምን አደረግኩ? እፍኝ ነቀዝ! አንድ ጆንያ ትነፋለች፣ አንድ ሳምንት ይበላሉ፤ እህሉ እንደሆነ ተነፍቶ ይመለሳል። ላንተ ያልነገርኩህ ፈርቼህ ነው። ሥዕልህን አበላሸሁብህ አይደል?»

ካሱ ድልድዩ ላይ የተናደደባት ሴት ሌላ ሴት ነበረች። «ሰው ለሌላ ሰው ጥቅም ብሎ ነቀዝ ተሸክሞ ሲመጣ አይተው ያውቃሉ?» ሲባል እሱም ባይስቅ እንኳ አምኖ ነበር። ጮኾ ማልቀስ አማረው፤ ግን በዚህ ቤት ወንድ ልጅ ጮኾ አልቅሶ አያውቅም።

«ሰጧት?» አለች ውብአየሁ። ዓይኗ ያበራል። «ተናገር እንጂ! ጆንያውን ሰጧት?»

ፀዳለ በሩ ላይ ዞር ብላ ያለችው ትዝ አለው። አደራህን ብላዋለች። እውነቱን ቢናገር እህቱ የምትሆነው ታየው፤ ነገ ይሁን፣ አንድ ሌሊት ይለፍ አለ በልቡ።

«ሰጧት» አላት።

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» ውብአየሁ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች፤ ከጣቶቿ መሐል እንባዋ ወረደ። «ለዚህ ነው ለካ ማምሻውን ድምፅዋን ያልሰማሁት። እኔ ደግሞ ከመጣች ጀምሮ ምነው ጭጭ አለች፣ ኤርጫፎ ባሰበት ይሆን እያልኩ። ደክሟት ነው። ጆንያ ስትነፋ የዋለች ሴት ወገቧ አይያዝ?» ብድግ አለችና መደርደሪያው ላይ ያለውን የወተት ጣሳ መታ መታ አደረገችው። «ይቺ ደግሞ ለአበራሽ ናት። የሷም ቤት ከነፀዳለ አይሻልም። አንተ ብቻ አይተህ እንዳላየህ ሁንልኝ፤ ከእንግዲህ በኋላ አላስቸግርህም።»

ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች።

«ወዴት ነው?» አለ ካሱ።

«እንኳን ደስ አለሽ ልበላት እንጂ! ምንም እንደማላውቅ ሆኜ ነው፤ አንተ ነገርከኝ እላታለሁ። ኩርኩፋውን አውርድልኝ፣ እንዳይዝብኝ።»

«ቆይ እትዬ…» አለ። ቆይ ያለው ግን ለራሱ ነበር። ጫማዋ ደጁ ላይ ሲንሸራተት ሰማው። ዶሮዎቹ ከእግሯ ስር እየተንጫጩ ሸሹ። አጥሩ ጋ ስትደርስ ሸምበቆው ኮሽ አለ።

«ፀዳለ! ኧረ ፀዳለ! አንቺ ሴት፣ ደስታሽን ደብቀሽ ልታድሪ ነው? እንኳን ደስ አለሽ!»

ከአጥሩ ማዶ የልጅ ሳል ተሰማ። ከዚያ በር ሲከፈት ተሰማ።

«የምኑን ነው ውቤ?» አለች ፀዳለ።

ካሱ ድስቱን ሳያወርድ ተነሣና በሩን ዘጋው።